ስለ ተጻፈ ቃልና ስለ ዕዳው

አንድ ሕዝብ መልካም ቃል ጽፎ በጻፈው ቃል ሳይኖርበት ቢቀር፥ ከቶ ምንም ካልጻፈው ሕዝብ ይብሳልን ወይስ ይሻላል? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ጉባኤ ብቻ የሚተው አይደለም። ሕግ ያወጣ መንግሥት፥ ውል የተዋዋለ ነጋዴ፥ ኑዛዜ ያስጻፈ አባት፥ ደቀ መዛሙርቱን «እንዲህ አድርጉ» የሚል መምህር ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ጥያቄ ፊት መቆሙ አይቀርም። እኔም ነገሩን አስቀድሜ በአሜሪካ ሕዝብ ታሪክ ልመረምረው፥ ከዚያም ወደ ገዛ ቤታችን ልመልሰው አስቤያለሁ። በባዕድ ዓይን ያለውን ጕድፍ ማየት በራስ ዓይን ካለው ምሰሶ ይልቅ ይቀላልና፥ ዓይናችን በቀላሉ ከለመደ በኋላ ወደ ከባዱ ቢመለስ ሳይሻል አይቀርም።

አሜሪካን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ከጅጅጋ ተነሥቶ በቀብሪ በያህ በኩል ወደ ድንበሩ ለሚሄድ መንገደኛ ሐርተሼክ የምትባል ከተማ ትገኛለች። አገሩ ሜዳ ነው፤ ወንዝ የለውም፤ ሕዝቡ የዝናብ ውሃ በብርካ እያጠራቀመ የኖረ ነው። እንዲህ ባለች ከተማ የአሜሪካ ስም ከመጽሐፍ የሚነበብ ስም ብቻ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በዚያ አገር ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ በሚኒሶታ የሚኖርለት ሰው ጥቂት አይደለም፤ የገበያው ወሬ ሳይቀር የአሜሪካን ሕግ ይከተላል። ከዚያው ከተማ የመጣ ታሪክ የሚያስተምር አንድ ጐልማሳ «መምህር፤ አሜሪካ የተመሠረተችው በነፃነት ነው ወይስ በባርነት? ልጆቹ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «በሁለቱም ነው» ብዬ መለስሁለት። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ቤት እንዴት እንደ ኖሩ ካልተነገረ፥ ጠያቂውን ባዶ እጁን መስደድ ነው። የአሜሪካን ነገር በፈረንጅ ዘመን፥ የአገራችንን ነገር በዓመተ ምሕረት እየቈጠርሁ እቀጥላለሁ።

እንግሊዞች በ1607 በቨርጂኒያ ምድር ጄምስታውን የተባለችውን ሰፈር ተከሉ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1619፥ በዚያው በቨርጂኒያ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ተደረጉ። በሐምሌ ወር መጨረሻ ከየመንደሩ የተመረጡ እንደራሴዎች በጄምስታውን ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ለሕግ ምክር ተቀመጡ፤ በዚያ ምድር የእንደራሴዎች ጉባኤ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ ከአንጎላ አገር የተማረኩ ከሃያ የሚበልጡ አፍሪካውያን በመርከብ ደረሱና በስንቅ ተለወጡ። ምክር ቤቱና የሰው ገበያው መንትያ ሆነው ተወለዱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የአሜሪካ ታሪክ በብዙው የእነዚህ የሁለቱ መንትያዎች ትግል ነው፤ ያዕቆብና ዔሳው በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ እንደ ተጋፉ ማለት ነው።

በሐምሌ ወር 1776 ዐሥራ ሦስቱ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ ሲለዩ፥ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ እንደ ተፈጠረ፥ ከፈጣሪውም ማንም የማይነጥቀው የሕይወትና የነፃነት ርስት እንደ ተሰጠው የሚናገር ጽሑፍ ለዓለም አወጡ። የጽሑፉ አርቃቂ ቶማስ ጀፈርሰን በዕድሜው ዘመን ከ600 የሚበልጡ ባሮች ጌታ የሆነ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ረቂቁ የባርያን ንግድ በንጉሡ ላይ እንደ ክስ አድርጎ ጽፎት ነበር፤ ጉባኤው ግን ያን ክፍል አወጣው። በ1787 የመንግሥቱ ሕግ ሲጻፍ ባርያው ለእንደራሴዎች ቍጥር ሲባል እንደ ሰው ሦስት አምስተኛ እንዲቈጠር፥ የባርያውም ንግድ እስከ 1808 ድረስ እንዳይከለከል ተደረገ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን «ባርያ» የሚለውን ቃል በሕጉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፉትም፤ «ሌሎች ሰዎች» እያሉ አለፉት። ቅኔ የቈጠረ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ስሙን የሚሸሽጉት ነገር ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት ነገር ነውና። ሕሊናቸው ፈጽሞ የሞተ ቢሆን ኖሮ ያን ቃል መጻፍ ምን ያሳፍራቸው ነበር?

የታሪክ መጻሕፍት 1776ን ታላቅ መታጠፊያ ይሉታል። በእኔ አሳብ መታጠፊያው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ይዘገያል፤ ቦታውም ጉባኤ የተሰበሰበበት ከተማ ሳይሆን አንድ ማዕድ ቤት ነው።

በማሳቹሴትስ ግዛት ሼፊልድ በምትባል መንደር የኮሎኔል ጆን አሽሊ ባርያ የሆነች አንዲት ሴት ነበረች። ፊደል አልቈጠረችም። ጌታዋ ዳኛና ባለጠጋ ስለ ነበረ፥ በ1773 የመንደሪቱ ሰዎች በእንግሊዝ መንግሥት ግፍ ላይ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ በእርሱ ቤት ይመካከሩ ነበር፤ በዚያም ጽሑፍ የሰው ልጆች እርስ በርሳቸው እኩልና ነፃ መሆናቸውን አኖሩ። እርስዋ ታገለግላለች፤ ዝም ብላም ትሰማለች። እንደሚተረከው እመቤቲቱ በቍጣ ጊዜ የጋለ የምድጃ አካፋ አንሥታ አንዲቱን ብላቴና ልትመታ ስትል፥ ይህች ሴት ክንድዋን አቀረበችና ምቱ በእርስዋ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ጠባሳውን ሳትሸፍን ትሄድ ነበር፤ ምን ሆነሽ ነው ያላትንም ሰው ሁሉ እመቤቲቱን እንዲጠይቅ ትሰደው ነበር።

በ1780 ማሳቹሴትስ የራሱን ሕገ መንግሥት አወጣ፤ የመጀመሪያውም አንቀጽ ሰዎች ሁሉ ነፃና እኩል ሆነው እንደሚወለዱ ይናገራል። ይህች ሴት ቃሉ ሲነበብ ሰማች። ሰምታም እንደ ሌላው ሰው «መልካም ቃል ነው» ብላ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። ቴዎዶር ሴጅዊክ ወደሚባል ጠበቃ ሄዳ፥ እኔም ሰው ነኝና ይህ ሕግ ነፃነቴን አይሰጠኝምን ብላ ጠየቀችው። ብሮም የሚባል ሌላ ባርያ አብሮአት ከሳሽ ሆነና በነሐሴ ወር 1781 በግሬት ባሪንግተን በዋለው ችሎት ሁለቱም ነፃ ናቸው ተብሎ ተፈረደ፤ ጌታቸውም ሠላሳ ሽልንግ ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት። አሽሊ በደመወዝ ተመልሳ እንድታገለግለው ቢለምናት እንቢ አለች። ቀድሞ ማም ቤት ይሏት ነበር፤ ከፍርዱ በኋላ ግን ኤልሳቤጥ ፍሪማን ተባለች። ፍሪማን ማለት ነፃ ሰው ማለት ነው። እስከ 1829 ኖራ በሴጅዊክ ቤተ ሰብ መቃብር ተቀበረች።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር ቀለል አድርገህ አትለፈው። ያን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች ልባቸው ያለው በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ነበር፤ ቃሉ ግን ከልባቸው ይልቅ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የምንለው ባለቅኔው አስቦ የሸሸገው ነው፤ እዚህ ግን ወርቁን ያገኘችው ባለቅኔው ሳይሆን ማዕድ የምታቀርበው አገልጋይ ናት። ሰሙ «እኛ ከንጉሡ ነፃ ነን» የሚል ነበር፤ እርስዋ አቀለጠችውና «እኔም ከእናንተ ነፃ ነኝ» የሚለውን ከሥሩ አወጣች። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚታጠፈው ቃሉ በተጻፈበት ቀን ሳይሆን፥ ከቃሉ ውጭ የተተወው ሰው «ይህ ለእኔም ነው» ባለበት ቀን ይመስለኛል።

በዚህ ላይ የሚቃወመኝ ሰው ይኖራል። የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገው ባርያ ካላወቀው ይልቅ ብዙ ይገረፋል ተብሎ በወንጌል ተጽፎአልና፥ ጽፎ ያልፈጸመ ካልጻፈው ይብሳል ይለኛል። ለጸሐፊው ከሆነ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ይከብድበታል። ነገር ግን ጥያቄውን ከጸሐፊው ወገን ብቻ መመርመር ጐደሎ ነው። ለተበደለው ሰው የቱ ይሻለዋል? ኤልሳቤጥ የምትጠቅሰው አንቀጽ ባታገኝ ኖሮ ጠባሳዋን ብቻ ይዛ በቀረች ነበር። ጽሑፉ ለጸሐፊው ዕዳ፥ ለተበደለው ደግሞ የዕዳው ደብዳቤ ነው። ያልጻፈ ሰው ዕዳ የለብኝም ይላል፤ የሚጠይቀውም ሰው በእጁ ምንም የለውም። ግብዝነት ክፉ ነገር ነው፤ ነገር ግን ግብዝ በገዛ ቃሉ ሊያዝ ይችላል፤ ክፋቱን ሕግ ያደረገውን ሰው ግን በምን ትይዘዋለህ?

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በሜሪላንድ ባርያ ሆኖ ተወልዶ በ1838 አምልጦ ነፃ የወጣ ታላቅ ተናጋሪ ነበር። በሐምሌ ወር 1852 የነፃነት በዓል ቀን ስለ ማክበር እንዲናገር ቢጠሩት፥ ይህ በዓል ለባርያው ምኑ ነው ብሎ ጠየቃቸው። ቃሉን ግን አልናቀውም፤ እናንተ በጻፋችሁት እፋረዳችኋለሁ አላቸው እንጂ። ንግግሩንም ሲፈጽም ከመዝሙረ ዳዊት ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረውን ቃል አነሣ። እኛ በየቅዳሴያችን የምናውቀውን ቃል እነዚያ ሰዎች በባርነት ሳሉ የተስፋ ደብዳቤ አድርገው ይዘውት ነበር። ሁለተኛው የዳኞች አለቃ የነበረው ሮጀር ቶኒ ነው። እርሱ በ1857 በድሬድ ስኮት ነገር ሲፈርድ፥ የ1776 ቃል ጥቁሮችን አይጨምርም፥ ጸሐፊዎቹም አላሰቧቸውም፥ ጥቁር ሰው የአገሩ ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ። ቶኒ ከሰሙ በቀር ሌላ ማየት አልወደደም። በታሪክ ዕውቀቱ ስለ ጸሐፊዎቹ አሳብ ብዙ ያልተሳሳተ ይሆናል፤ ቃል ግን ከጸሐፊው እጅ ከወጣ በኋላ የጸሐፊው ብቻ እንዳልሆነ አላስተዋለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በዳኛ ማለቅ አልቻለም። ከ1861 እስከ 1865 በሰሜንና በደቡብ መካከል በተደረገው ጦርነት ከ600 ሺሕ በላይ ወታደር አለቀ። ፕሬዚዳንቱ አብርሃም ሊንከን በጥር 1863 ያወጣው ዐዋጅ ባሮችን ነፃ ያወጣው ባመፁት ግዛቶች ብቻ ነበር፤ ለእርሱ የታመኑትን ባርያ ያላቸውን ግዛቶች አልነካቸውም። በዚህ ብዙ ሰዎች ይነቅፉታል፤ እኔም ነቀፌታውን ሐሰት አልለውም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በጌቲስበርግ የሙታን መቃብር ላይ ቆሞ ሲናገር የአገሩን ዕድሜ 87 ዓመት ብሎ ቈጠረ። ይህ ቍጥር የሚያደርሰው የባርያውን ነገር ወደ ሸሸገው ወደ 1787 ሕግ ሳይሆን ወደ 1776 ቃል ነው። የልደትን ዘመን መምረጥ አባትን መምረጥ ነውና፥ ሊንከን በአንድ ቍጥር ብዙ ነገር ተናገረ። በታኅሣሥ 1865 ሕገ መንግሥቱ ታርሞ ባርነት ተሻረ፤ ወደ 4 ሚልዮን የሚሆን ሕዝብም ነፃ ወጣ።

ነገር ግን ዕዳው በአንድ ጊዜ አልተከፈለም፤ እንዲያውም የተከፈለው ተመልሶ ተወሰደ። በ1896 በግንቦት ወር የአሜሪካ ታላቁ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ በተለያየ የባቡር ፉርጎ እንዲቀመጡ የሚያዝዘውን የሉዊዚያና ሕግ አጸደቀ። ይህ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ከሆነ ሦስት ወር ሳይሞላ ነው። በአንዱ የዓለም ዳርቻ ጥቁር ሕዝብ የአውሮፓን ጦር ድል ሲነሣ፥ በሌላው ዳርቻ ጥቁር ሰው በከፈለው ቲኬት እንዳይቀመጥ ተፈረደበት።

የሁለቱ ሕዝቦች ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተነካክቶአል። በ1808 በኒው ዮርክ ከነጮች ተለይታችሁ ተቀመጡ ስለ ተባሉ ከጸሎት ቤቱ ወጥተው የራሳቸውን ያቆሙት ጥቁሮች ቤቱን «የአቢሲኒያ» ብለው ሰየሙት፤ ከመሥራቾቹ ጋር የኢትዮጵያ ነጋዴዎች እንደ ነበሩም ይተርካሉ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በወልወል የውሃ ጕድጓድ አጠገብ የተተኰሰው ጥይት ደግሞ በሃርለም ጎዳና ሰውን አነሣሣ። የአሜሪካ መንግሥት በ1935 ባወጣው ሕግ ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ መሣሪያውን በገዛ ፋብሪካው ከሚሠራው ከኢጣልያ ይልቅ የተጐዳነው እኛ ነን። የቺካጎው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን ግን ሕጉን ሳይጠብቅ መጥቶ ለኢትዮጵያ በረረ፤ ከነፃነትም በኋላ ተመልሶ በ1954 በአዲስ አበባ ዐረፈ።

በዚሁ በ1954 በግንቦት 17 የአሜሪካ ታላቁ ፍርድ ቤት የጥቁርና የነጭ ልጆች በትምህርት ቤት መለየት ሕግን ያፈርሳል ብሎ ፈረደ። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዋሽንግተን በምክር ቤቱ ፊት ቆመው ተናገሩ፤ በዚያው ጕዞ ለሃርለሙ የአቢሲኒያ ጸሎት ቤት የኢትዮጵያ መስቀል ሰጡ። በነሐሴ 1963 ሰባኪው ማርቲን ሉተር ኪንግ በሊንከን ሐውልት ፊት ሲናገር የአገሩን የመጀመሪያ ጽሑፎች በዕዳ ሰነድ መሰላቸው፤ ለጥቁሩ ሕዝብ ግን የተሰጠው ቼክ ገንዘብ የለውም ተብሎ እንደ ተመለሰ ተናገረ። የሚቀጥለው ዓመት የመብቱ ሕግ ወጣ። ከኤልሳቤጥ ፍሪማን እስከዚያ ቀን 183 ዓመት ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ምሰሶው ያለው እዚህ ነው።

በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ያለፈ ሁሉ ፍትሐ ነገሥትን ያውቃል። ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ለብዙ ዘመን ነገሥታቱ የፈረዱበት መጽሐፍ ነው። ሠላሳ አንደኛው አንቀጹ ስለ ባርያና ስለ ነፃነት ይናገራል። በዚያ ላይ ነፃነት ከሰው ባሕርይ ጋር የሚስማማ መሆኑን፥ ሰዎች ሁሉ በባሕርይ ሕግ በነፃነት የሚተካከሉ መሆናቸውን አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ጦርነትና የፈረስ ኀይል አንዱን ለሌላው ባርያ እንዳደረገው ይናገርና ስለ ባርነት ሥርዓት ይዘረዝራል፤ ነፃ ማውጣትንም እንደ ትሩፋት ያመሰግናል። አሜሪካ በ1776ና በ1787 በሁለት ጽሑፍ የጻፈችውን እኛ በአንድ አንቀጽ ይዘነው ኖረናል። ንባቡን ዐውቀናል፤ ትርጓሜውን አሂደናል፤ የደቀ መዛሙርትን ቀለም አስይዘናል። ከጉባኤው ስንነሣ ግን ውሃ የምትቀዳልን ማን ነበረች?

ይህን ስል ነገሥታቱ ዝም ብለው ነበር ማለቴ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ዐፄ ምኒልክም የባርያ ንግድ እንዲቀር ትእዛዝ ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ቅፍለቱ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ወደቦች መውረዱን አልተወም። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ ዐዋጅ ወጣ። ቃሉ ተጻፈ፤ አፈጻጸሙ ተጓተተ። በዚህ መካከል ኢጣልያ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ በጄኔቭ ስትከሰን ካቀረበችው ነገር አንዱ ይኸው የባርነት ነገር ነበር። የክሷ ምክንያት ሐሰት ነው፤ አገር ልትወስድ የምትፈልግ መንግሥት ለባርያ አታዝንም። ነገር ግን ያልከፈልነው ዕዳ በጠላት እጅ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘብን። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በጄኔቭ ቆመው ማኅበሩን በገዛ ቃል ኪዳኑ ሲፋረዱት ያቺን የሼፊልድ ሴት ያስታውሱኛል፤ ልዩነቱ ለእርስዋ የፈረደላት ዳኛ መገኘቱ ነው። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ነው። ዜና መዋዕሎቻችን ያወጁትን ነገሥታት ስም ይነግሩናል፤ በፍትሐ ነገሥት ቃል ነፃነትዋን የጠየቀችውን ባርያ ስም ግን አይነግሩንም። ይህ የታሪካችን ድህነት ነው።

ሁለተኛው የተጻፈ ቃላችን የተፈተነው በሐርተሼክ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ስደተኞች አንድ የውል ቃል ፈረሙ። በጦርነትና በሁከት የሸሸ ሰው ከድንበር እንዳይመለስ፥ ስደተኛን መቀበልም በጎረቤት መንግሥት ላይ እንደ ጠላትነት እንዳይቈጠር ያዝዛል። ውሉ በከተማችን ሲፈረም ማንም ስለ ሐርተሼክ አላሰበም። ስምንት ዓመት ሳይሞላ የሶማሌ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች፤ በየካቲት ተመልሳ እስክትያዝ ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ብዙ የኦጋዴን ሕዝብም ወደ ሶማሌ ተሰደደ። (ከጦርነቱ ቀደም ብሎ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን የጦር ርዳታ የሰው መብት ተጥሷል ብላ ቀንሳ ነበር። ክሱ እውነት ነበር፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ሬሳ ይታይ ነበርና። ሆኖም የገዛ ቤትን ዕዳ ከሁለት መቶ ዓመት ጋር መክፈል፥ የሌላውን ግን በአንድ ቀን መጠየቅ የኀያላን ልማድ ነው።)

ከጦርነቱ ዐሥር ዓመት በኋላ በግንቦት 1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሌ ጦርነት ተነሣ። ሐርጌሳ በገዛ መንግሥትዋ አውሮፕላን ተደበደበች፤ ሕዝቡም እግሩ ወደ መራው ወደ ድንበሩ ፈለሰ። ያን ጊዜ ሐርተሼክ የስደተኞች ሰፈር ሆነች፤ ከ200 ሺሕ የሚበልጥ ሰው በድንኳንና በጨርቅ ጎጆ ሰፈረባት፤ በዘመኑ በዓለም ካሉት የስደተኛ ሰፈሮች ከታላላቆቹ አንድዋ ነበረች። ወንዝ የሌለበት አገር ስለ ሆነ ውሃው በቦቴ መኪና ከሩቅ ይመጣ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ተቀባዩ ከዐሥር ዓመት በፊት የተወረረ አገር ነው፤ የገዛ ሕዝቡም በረኃብና በጦርነት የተጨነቀበት ዘመን ነበር። አንዳንዱ ሰው «ውሉን የፈረምነው ለወዳጅ ነው እንጂ ለጠላት አገር ሰው አይደለም» ቢል አይደንቅም ነበር፤ ሮጀር ቶኒም እንዲህ ባለ ነበር። ድንበሩ ግን አልተዘጋም። የውሉ ቃል ይሁን፥ የአክሱም ንጉሥ የመሐመድን ተከታዮች የተቀበለበት ጥንታዊ ልማድ ይሁን፥ ወይም በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው አንድ ጎሣ መሆኑ ይሁን፥ ሦስቱም ሳይረዳዱ አልቀሩም። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ፥ ስደተኛው ይዞት የመጣው የውል ወረቀት ባይኖርም፥ በሩ ላይ መቆሙ ራሱ ክስና ጥያቄ መሆኑ ነው። ሰፈሩ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆየ፤ አብዛኛው ሕዝብ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከሶማሌ ስደተኞች ሌሎቹ በኬንያና በሌላም መንገድ አሜሪካ ገቡ። የገቡበትም በር ራሱ የክርክር ልጅ ነው። በ1924 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ወደዚያ አገር የሚገባውን ሰው በዘር ቈጥሮ ከእስያ ለሚመጣው በሩን ዘግቶ፥ ከአፍሪካ ለሚመጣውም እጅግ አጥብቦ ነበር። ጥቁሮቹ የመብቱን ሕግ ባስወጡ ማግስት በ1965 ያ ሕግ ተሻረ፤ በ1980 ደግሞ የስደተኞች ሕግ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ ከሚኒሶታ ለሐርተሼክ ዘመዱ ገንዘብ የሚልከው ሰው፥ ስምዋን ባያውቀውም እንኳ፥ ከዚያች ፊደል ካልቈጠረች ሴት ርስት ተካፍሎአል። የሐርተሼኩ መምህር ለልጆቹ ይህን ቢነግራቸው ደስ ይለኛል። በ2017 ግን የሶማሌ ተወላጆች እንዳይገቡ ትእዛዝ ወጣ፤ በ2021 ተሻረ፤ በ2025 በሰኔ ወር እንደገና ወጣ። መንትያዎቹ አሁንም ይጋፋሉ።

እኛም በ2011 ዓ.ም. ቍጥር 1110 የሆነ አዲስ የስደተኞች ዐዋጅ አወጣን። ስደተኛው እንዲማር፥ እንዲሠራ፥ እንዲንቀሳቀስ መብት ይሰጣል፤ ቃሉ ከብዙ ባለጠጋ አገሮች ሕግ ይሰፋል። በተጻፈ በአራተኛው ዓመት፥ በየካቲት 2015 ዓ.ም.፥ በላስ አኖድ ጦርነት ተነሥቶ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ዶሎ ዞን ወደ ቦህ ወረዳ ገባ። ዝናብ ጠፍቶ ከብት ያለቀበት ዓመት ነበር። የአገሩ ሰዎች በየቤታቸው አስገቡአቸው፤ ሚርቃን በሚባለው ስፍራም ለመስፈሪያ የሚሆን መሬት ሰጡአቸው።